የስልኩ ስውር ዓይንና የሸማቹ ዓይን

ሰቆጣ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። ከአፋር ቆላ የሚወጣው አሞሌ ጨው በግመልና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ዋግና ላስታ፣ ከዚያም ወደ መሐል አገር ሲዘልቅ ሰቆጣ ዋነኛ መገበያያው ነበረች። በዚያ ዘመን አሞሌ ሸቀጥም ገንዘብም ስለነበረ ተቀባዩ ሳያገላብጥ አይወስደውም። የተሸራረፈ ወይም እርጥበት የነካው አሞሌ ዋጋው ይወርዳል። ዛሬ ደግሞ በዚያችው ከተማ ሸማቹ ከሚያገላብጣቸው ዕቃዎች አንዱ ስማርት ስልክ ሆኗል። ችግሩ ስልክ እንደ አሞሌ በእጅ ተዳብሶ፣ እንደ ዋግ ማር በጣት ተቀምሶ የማይታወቅ መሆኑ ነው። ሸማቹ የሚያምነው ሻጩ የነገረውን፣ ጎረቤት ያወራውንና በዓይኑ ያየውን ነው።

በዓይን ከሚታዩትና ከሚያስደነግጡት ነገሮች አንዷ ትንሽ ብልጭታ ናት። አንድ ሰው በስልክ ሲያወራ ሌላው ሰው በራሱ ስልክ ካሜራ ቢመለከተው፣ ከጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ አጠገብ ሐምራዊ ነጥብ ስትበራና ስትጠፋ ሊያይ ይችላል። ካሜራውን አውርዶ በባዶ ዓይኑ ሲፈልጋት ግን የለችም። በካሜራ የምትታይ፣ ለሰው ዓይን የምትሰወር መብራት ፊት ላይ ተደግና ስትገኝ «ጨረር ነው፤ ዓይን ያጠፋል» የሚል ወሬ ቢነሳ አይደንቅም።

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሁለት ፍየል ሸጦ ስልክ ለገዛ የአበርገሌ ወይም የዝቋላ ገበሬ ዕቃው ትልቅ ወጪ ነው። ከፍርሃት የተነሣ ደህናውን ስልክ በርካሽ ቢሸጥ፣ ወይም ጨረር ይከላከላል ለተባለ ተለጣፊ ገንዘብ ቢያወጣ፣ ከኪሱ የሚጎድለው ቀላል አይሆንም። ከገንዘቡ የሚብሰው ግን በማይጎዳው ብርሃን ሲጨነቅ የሚጎዳውን መዘንጋቱ ነው። ስለዚህ ነጥቧ ምን እንደሆነች፣ ምን ያህል ጉልበት እንዳላትና ለዓይን በእርግጥ የሚያሰጋው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ለሸማቹም ለነጋዴውም ይበጃል።

ነጥቧ ምን ትሠራለች?

ነጥቧ የቅርበት ሴንሰር የሚባለው የስልኩ ክፍል መብራት ናት። ሥራዋ አንድ ነው። ደዋዩ ስልኩን ወደ ጆሮው ሲያስጠጋ ስክሪኑን ታጠፋለች፣ ሲያርቀው መልሳ ታበራለች። ይህ ባይኖር ጉንጭ ስክሪኑን እየነካ ጥሪውን ይዘጋል፣ ድምፅ ያጠፋል፣ ያልተፈለገ ቁጥር ይጽፋል። ባትሪም ያለ ሥራ ይባክናል።

አሠራሯም ውስብስብ አይደለም። ከስክሪኑ በላይ ባለው ጠባብ ቦታ ሁለት ጥቃቅን ክፍሎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አንደኛው ኢንፍራሬድ የተባለውን የማይታይ ብርሃን የሚረጭ መብራት ሲሆን፣ ሁለተኛው ተመልሶ የሚመጣውን ብርሃን የሚቀበል ነው። ፊት ለፊት ምንም ከሌለ ብርሃኑ ሄዶ ይቀራል። ጉንጭ ወይም ጆሮ ጥቂት ሴንቲሜትር ያህል ሲጠጋ ግን ብርሃኑ ነጥሮ ይመለሳል። ተቀባዩ ክፍል ይህን ሲያገኝ ስልኩ «ሰው ተጠግቷል» ብሎ ስክሪኑን ያጠፋል።

መብራቷ ያለማቋረጥ አትበራም። የምትበራው በብልጭታ ነው፤ እያንዳንዱ ብልጭታ የሚቆየውም በሰከንድ ሚሊዮንኛ ክፍሎች የሚቆጠር ጊዜ ነው። ከብልጭታ እስከ ብልጭታ ያለው ጊዜ ከብልጭታው እጅግ ይረዝማል። በዚህ ምክንያት በአማካይ የምትረጨው ጉልበት በአብዛኛው ከአንድ ሚሊዋት፣ ማለትም ከዋት አንድ ሺኛ በታች ነው።

ካሜራ ነጥቧን የሚያያት በሌላ ምክንያት ነው። የካሜራው ብርሃን ተቀባይ ከሲሊከን የተሠራ በመሆኑ የሰው ዓይን ከሚያየው ቀይ ቀለም አልፎ ኢንፍራሬድንም ጥቂት ያያል። አምራቾች ይህን ለመከልከል ማጣሪያ ያደርጋሉ፤ ሆኖም በብዙ ስልኮች፣ በተለይ በፊት ለፊቱ ካሜራ፣ ማጣሪያው ሁሉንም አያስቀርም። የቴሌቪዥን ሪሞት ኮንትሮል ጫፍም በካሜራ ሲታይ እንዲሁ ያበራል። ሪሞቱና ሴንሰሩ የሚጠቀሙበት ብርሃን አንድ ዓይነት ነው፤ የሁለቱም የሞገድ ርዝመት ብዙ ጊዜ 940 ናኖሜትር ገደማ ነው። የሰው ዓይን ማየት የሚያቆመው ደግሞ ከ700 እስከ 780 ናኖሜትር ባለው ግድም ነው። አንዳንድ ስልክ ላይ ያለ ካሜራ ደብዛዛ ቀይ ነጥብ የምትታየው መብራቷ ለዚህ ወሰን የቀረበ፣ ወደ 850 ናኖሜትር ያለ ብርሃን ስትጠቀም ነው።

የማይታይ ማለት እንግዳ ማለት አይደለም

ኢንፍራሬድ ከስልክ ጋር የመጣ ነገር አይደለም። ዊሊያም ሄርሼል የተባለው የሥነ ፈለክ ሰው እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር ሲያስቀምጥ፣ ከቀዩ ቀለም ውጪ፣ ምንም ብርሃን በማይታይበት ቦታ ላይ ያለው ቴርሞሜትር ሙቀቱ ከፍ አለ። ከቀይ በታች ያለው ብርሃን የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

የዋግ ሰው ደግሞ ስሙን ባይጠራውም ያውቀዋል። ከምጣድ ፊት ተቀምጣ እንጀራ የምትጋግር ሴት ጉንጯን የሚያቃጥላት አየሩ ብቻ አይደለም፤ ከእሳቱና ከጋለው ምጣድ የሚመጣው ኢንፍራሬድ ነው። ደመና ፀሐይን ሲገልጥ ወዲያው ቆዳ ላይ የሚያርፈው ሙቀትም አብዛኛው ከዚሁ ነው። የሰው ገላ ራሱ ሳያቋርጥ ኢንፍራሬድ ይረጫል። ዓይን የማያየው ብርሃን በሌላ በኩልም አለ። የሰቆጣን ማር የምትሠራው ንብ ሰው ከማያየው ከአልትራቫዮሌት ብርሃን ከፊሉን አይታ አበባዋን ትለያለች።

በኮቪድ ዘመን ተመሳሳይ ስጋት ተነሥቶ ነበር። በሽታው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ መገኘቱ ከተገለጸ በኋላ በየበሩ በግንባር ላይ የሚደገን የሙቀት መለኪያ መጣ። በብዙ አገሮችም «ጨረር ወደ አንጎል ይልካል» ተብሎ ተወራ። መሣሪያው ግን ኢንፍራሬድ የሚለካው ከግንባር የሚወጣውን ተቀብሎ ነው። ላኪው ሰውየው፣ ተቀባዩ መሣሪያው ነበር።

«ጨረር» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ስለሚያጠቃልል ግራ ያጋባል። የራጅ ጨረር ጉልበቱ ከፍ ያለ በመሆኑ የሰውነትን ሕዋስ ውስጣዊ አሠራር ሊሰብር ይችላል። ኢንፍራሬድ ከሚታየው ብርሃን እንኳ ያነሰ ጉልበት ያለው ነው። ሊጎዳ የሚችለው በአንድ መንገድ፣ በማሞቅ ነው። ስለዚህ የሚጠየቀው «ኢንፍራሬድ አለ ወይ?» ተብሎ ሳይሆን «ስንት ነው? ለምን ያህል ጊዜ?» ተብሎ ነው።

ብዙ ሲሆን ይጎዳል

ኢንፍራሬድ ዓይንን ሊጎዳ መቻሉ እውነት ነው፤ ይህ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታወቅ የኖረ ነው። በአውሮፓ መስታወት ነፊዎችና ብረት አቅላጮች ለዓመታት ከጋለ እቶን ፊት ቆመው ሲሠሩ ዓይናቸውን ሞራ ይጋርደው ነበር። በሽታው «የመስታወት ነፊዎች ሞራ» የሚል ስም እስከማግኘት ደርሷል። ምክንያቱ በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ የደም ሥር የሌለው መሆኑ ነው። ሌላው የሰውነት ክፍል ሲሞቅ ደሙ ሙቀቱን ተሸክሞ ይወስድለታል። ሌንስ ግን የሚያበርደው ስለሌለ ሙቀቱ እየተጠራቀመ ከጊዜ ጋር ጥራቱን ያጣል።

ሌላም አሳሳቢ ጠባይ አለው። ደማቅ ብርሃን ዓይን ላይ ሲያርፍ ሰው ሳያስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ፊቱንም ያዞራል። ኢንፍራሬድ ግን ስለማይታይ ይህ የተፈጥሮ መከላከያ አይነቃም። አምራቾች የመብራቱን ጉልበት እንዲገድቡ የሚያስገድዱ ደንቦች የወጡትም ለዚህ ነው። ለመብራቶች አይኢሲ 62471፣ ለሌዘር አይኢሲ 60825 የተባሉ ዓለም አቀፍ ደረጃዎች አሉ።

የመጠኑን ነገር በቁጥር ማየት ይቻላል። ኢክኒርፕ በሚል ምሕጻረ ቃል የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን፣ አንድ ዓይን ከ1,000 ሰከንድ (17 ደቂቃ ገደማ) በላይ ለረዥም ጊዜ ሊቀበለው የሚችለውን ኢንፍራሬድ በካሬ ሜትር 100 ዋት ላይ ወስኖታል። አሁን የስልኩን መብራት ለመፍራት በሚያመች መንገድ አጋነን እናስላ። ነጥቧ ሙሉ አንድ ሚሊዋት ያለማቋረጥ ትረጫለች እንበል። ዓይንም በአምስት ሴንቲሜትር ርቀት ላይ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል እንበል። በዚያ ርቀት ብርሃኑ አሥር ካሬ ሴንቲሜትር በሚያህል ቦታ ላይ ቢበተን፣ ዓይን ላይ የሚያርፈው በካሬ ሜትር አንድ ዋት ነው። ከወሰኑ አንድ መቶኛ መሆኑ ነው።

ይህም የተጋነነው ሒሳብ ነው። በተግባር ሴንሰሩ በአብዛኛው የሚሠራው በጥሪ ጊዜ ሲሆን፣ ያኔ ስልኩ ያለው ጆሮ ላይ ነው፤ ብርሃኑም የሚያርፈው ጆሮና ጉንጭ ላይ ነው። ስክሪኑን ለማየት ስልኩ በክንድ ርቀት ሲያዝ ደግሞ ብርሃኑ በእጅጉ ይበተናል። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚያ ላይ በ940 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ዓይን ውስጥ ያለው ውኃ ከፊሉን ስለሚያስቀረው ወደ ኋላው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ወደ ሬቲና፣ የሚደርሰው ከዚያም ያንሳል።

ከፀሐይ ጋር ሲነጻጸር ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ሰማዩ በጠራ ቀን ቀትር ላይ አንድ ካሬ ሜትር መሬት 1,000 ዋት ያህል የፀሐይ ጉልበት ይቀበላል። ከዚህ ግማሽ ያህሉ ኢንፍራሬድ ነው። ሰው ወደ ፀሐይ ቀና ብሎ ስለማያይ ዓይኑ የሚቀበለው ከዚህ ጥቂቱን ነው። ቢሆንም ከሰቆጣ ወደ ዳህና በእግሩ የሚሄድ መንገደኛ በአንድ ቀን ከመሬትና ከድንጋይ እየተንጸባረቀ ዓይኑ ላይ የሚያርፈው ኢንፍራሬድ፣ የስልኩ ነጥብ ከምትሰጠው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

በአንዳንድ ውድ ስልኮች የኢንፍራሬዱ ምንጭ ተራ መብራት ሳይሆን ትንሽ ሌዘር ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው አይፎን ኤክስ የጀመረው ፊት የሚለይ መሣሪያ ከ30,000 በላይ የማይታዩ ነጥቦችን ፊት ላይ ይበትናል። እንዲህ ያሉት በክላስ 1 ደረጃ፣ ማለትም በተለመደው አጠቃቀም ዓይን እንዳይጎዱ ተደርገው የሚሠሩ ናቸው። ጥንቃቄ የሚያሻው ጠጋኙ ነው። ደረጃው የተሰጠው ለተገጣጠመ ዕቃ እንጂ ለተፈታ ስላልሆነ፣ በአጉሊ መነጽር እየሠራ በተከፈተና በበራ ስልክ የሌዘር ክፍል ላይ ዓይኑን ማፍጠጥ የለበትም።

ተለጣፊው ምን ይጠቅማል?

«ከጨረር ይከላከላል» የሚባሉ ተለጣፊዎችና ሽፋኖች በዓለም ገበያ ከተሸጡ ቆይተዋል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ተለጣፊዎች የሚሸጡ ሁለት ኩባንያዎችን ያልተረጋገጠ ጥቅም ነግረዋል ብሎ የከሰሰው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው። እነዚያ የተሸጡት ለአንቴናው የሬዲዮ ሞገድ ነበር። የኢንፍራሬዱን ነጥብ ይከለክላል የሚባል ተለጣፊ ቢመጣ ግን ሸማቹ ላቦራቶሪ አያስፈልገውም፤ ማሰብ ብቻ ይበቃዋል።

ተለጣፊው በእርግጥ ኢንፍራሬዱን የሚያስቀር ከሆነ ብርሃኑን መልሶ ወደ ተቀባዩ ክፍል ያነጥረዋል፣ ወይም ጨርሶ ይውጠዋል። ካነጠረው ስልኩ ሁልጊዜ ጉንጭ የተጠጋው ይመስለዋል፤ ደዋዩ ደውሎ ገና ሳያወራ ስክሪኑ ይጠፋበታል። ከዋጠው ደግሞ ስልኩ ጆሮ ላይ እያለ ስክሪኑ በርቶ ይቀራል፣ ጉንጭም ጥሪውን ይዘጋል። ስልኩ እንደ ወትሮው ከሠራ ግን ብርሃኑ እያለፈ ነው፤ ተለጣፊው ምንም አላደረገም ማለት ነው። የሚሠራው ተለጣፊ ስልኩን ያበላሻል፣ ስልኩን የማያበላሸው ተለጣፊ አይሠራም። ገንዘቡ በሁለቱም መንገድ ይባክናል።

በየገበያው ከሚታየው የስልክ ብልሽት አንዱም ምንጩ ይኸው ነው። ልኩ ያልሆነ ስክሪን ፕሮቴክተር የሴንሰሩን ቀዳዳ ሲሸፍነው፣ ወይም ስክሪን ሲቀየር የሴንሰሩ ማቀፊያ ጎማ ሳይመለስ ሲቀር፣ ወይም አቧራ ሲገባበት ስልኩ በጥሪ ጊዜ ይጨልማል። ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ደውሎ ቋንቋ ለመምረጥ ቁጥር መጫን ያቃተው ሰው ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው ፕሮቴክተሩን ማንሣት ወይም ቀዳዳውን በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ነው። ለዚህ ሲባል ቦርድ ይቀየር የሚል ጠጋኝ ከገጠመ ሌላ ጠጋኝ መጠየቅ አይከፋም።

በእርግጥ የሚፈራው

ኢንፍራሬድና ዓይን የሚያሰጋ ግንኙነት ያላቸው በሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው ፀሐይን በቀጥታ ማየት ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የፀሐይ ግርዶሽ በሰሜን ኢትዮጵያ ሲያልፍ፣ ከዋግ በስተደቡብ በምትገኘው ላሊበላ ጨረቃ የፀሐይን መሐል ሸፍና ዳርቻዋ እንደ ቀለበት ታይቶ ነበር። እንዲህ ባለ ቀን የሚሠራው ስሕተት በጭስ የጠቆረ መስታወት ወይም የራጅ ፊልም ዓይን ላይ አድርጎ ማየት ነው። ጥቁሩ ፊልም የሚታየውን ብርሃን ስለሚቀንሰው ዓይን አይጨናነቅም፣ የዓይን መግቢያም ሰፋ ይላል። ኢንፍራሬዱ ግን በእንዲህ ያለው ማጣሪያ ውስጥ ሊያልፍ ይችላል። ሬቲና ሕመም የሚሰማበት ነርቭ ስለሌለው ሰውየው መጎዳቱን የሚያውቀው ከሰዓታት በኋላ፣ ከሚያየው ነገር መሐል ጥቁር ነጥብ ሲቀርበት ነው።

ይህ ያለፈ ወሬ ብቻ አይደለም። ለሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 2027) በተቀመረው ታላቅ የፀሐይ ግርዶሽ ሙሉ ጥላው የሚያልፈው በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ሲሆን ኢትዮጵያ የሚደርሳት ከፊሉ ነው። ወቅቱ ክረምት በመሆኑ ደመና ሊጋርደው ይችላል። ደመናው ቢገለጥ ግን በከፊል የተሸፈነች ፀሐይ ሙሉዋን ያህል ዓይን ታጠፋለች። ለዚህ የሚሆነው መነጽር አይኤስኦ 12312-2 የሚል ደረጃ ያለው ነው። እሱን በጊዜ ማስመጣት ለነጋዴ ሥራ ነው፤ አስመስሎ መሸጥ ደግሞ የሰው ዓይን መሸጥ ነው።

ሁለተኛው በመጫወቻነት የሚሸጠው አረንጓዴ ሌዘር ነው። በርካሹ ዓይነት ውስጥ አረንጓዴው ብርሃን የሚፈጠረው ከኢንፍራሬድ ሌዘር ነው። አምራቹ ወጪ ለመቆጠብ ማጣሪያውን ካስቀረው ከአረንጓዴው ጋር የማይታይ ጠንካራ ኢንፍራሬድ አብሮ ይወጣል። የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ይህን በአንድ ርካሽ ሌዘር ላይ አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2010 አስጠንቅቋል። ሌዘር እንደ ስልኩ መብራት አይበተንም፤ ጉልበቱን በአንድ ነጥብ ላይ ሰብስቦ ይሄዳል። በልጅ እጅ ሊገባ የማይገባው እሱ ነው።

ሦስተኛው ብየዳ ነው። በሰቆጣም ሆነ በሌሎች ከተሞች በር፣ መስኮትና የጋሪ አካል የሚሠራ በያጅ በአንድ ጊዜ ኃይለኛ አልትራቫዮሌት፣ ደማቅ ብርሃንና ኢንፍራሬድ ይደርሰዋል። ሥራው ላይ ሳለ ብዙም አይሰማውም፤ ከሰዓታት በኋላ ማታ ላይ ዓይኑ አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረዋል፣ ያነባል። ተራ ጥቁር መነጽር ለዚህ አይበቃም። ለኤሌክትሪክ ብየዳ በአብዛኛው ቁጥር 10 እና ከዚያ በላይ የሆነ መስታወት ያለው የበያጅ ጭንብል ያስፈልጋል። በመንገድ ዳር ብየዳ ሲሠራ ቆመው የሚያዩ ልጆችም ዓይናቸው እኩል ይጎዳል።

አራተኛው የደጋው ፀሐይ ራሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። አልትራቫዮሌት ለዓይን ሞራ ከሚያጋልጡ ምክንያቶች አንዱ ነው። ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣና ጃንጥላ ርካሽ መከላከያ ናቸው። የፀሐይ መነጽር የሚገዛ ሰው የጥቁረቱን መጠን ሳይሆን «ዩቪ 400» የሚል ምልክቱን ይፈልግ። ጠቁሮ አልትራቫዮሌት የማይከለክል መነጽር የዓይንን መግቢያ አስፍቶ ጉዳቱን ያብሳል።

የዋግ ዓይን ትልቁ ዕዳ

እነዚህ ሁሉ ተደምረውም የአካባቢውን ሰው ዓይን ከሚያጠፉት ነገሮች ግንባር ቀደሞቹ አይሆኑም። በ1998 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የዓይን ጤና ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቶ ነበር። ከዓይነ ስውርነቱ ግማሽ ያህሉ፣ 49.9 በመቶው፣ የመጣው ከዓይን ሞራ ነበር። 11.5 በመቶው ደግሞ ከትራኮማ። በዚያው ጥናት በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ከአገሪቱ ክልሎች ከፍተኛው ይህ ነበር። ከዚያ በኋላ በክልሉ መድኃኒት በስፋት ሲታደል ቆይቷል፤ በሽታው ግን በቀላሉ የሚለቅ አልሆነም።

ዋግ ኽምራ በዚህ ረገድ ለዓለም ትምህርት የሆነ ሥራ የተሠራባት ናት። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 በዞኑ 40 የገጠር ማኅበረሰቦች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ ለግማሾቹ የውኃ ነጥብ ተሠራላቸው፣ የፊት መታጠቢያና ሳሙና ተሰጣቸው፣ ስለ መጸዳጃና ስለ ንጽሕና ትምህርት ተደረገላቸው። የካርተር ማዕከልና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ፕሮክተር ተቋም የተሳተፉበት ይህ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2022 በላንሴት ግሎባል ሄልዝ ታተመ። በሦስት ዓመት ውስጥ በሕፃናቱ ዓይን ላይ የተገኘው የትራኮማ ተሕዋስ በሁለቱ ወገኖች መካከል የጎላ ልዩነት አላሳየም። ይህ ማለት መታጠብ ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ውኃ ለብዙ ነገር ያስፈልጋል። በሽታው ሥር በሰደደበት አካባቢ ግን በጥቂት ዓመት የውኃና የንጽሕና ሥራ ብቻ እንደማይነቀል፣ መድኃኒቱና ቀዶ ሕክምናው አብሮ መቀጠል እንዳለበት ያመለክታል።

ለሸማቹ የሚተርፈው ሒሳብ ይህ ነው። የዓይን ቆቧ ፀጉር ወደ ውስጥ ተቀልብሶ በየጊዜው በወረንጦ የምትነቅል እናት ቤት ውስጥ ካለች፣ ዓይኗን የሚፍቀው ያ ፀጉር እንጂ የልጇ ስልክ አይደለም። በአጭር ቀዶ ሕክምና ይስተካከላል፤ ከዘገየ ግን የጠፋው ብርሃን አይመለስም። አያት ዓይናቸው ነጭ ጋርዶት ከሆነ ሞራው በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ለተለጣፊ የሚወጣው ገንዘብ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል የሚያደርስ የመኪና መሳፈሪያ ቢሆን ዋጋውን ያወጣል። የምድጃ ጭስ ማውጫ ማበጀትም እንዲሁ፤ የማገዶ ጭስን ከዓይን ሞራ ጋር የሚያያይዙ ጥናቶች አሉና።

ስልክ ሲገዛ

ሴንሰሩን መፈተሽ ደቂቃ አይፈጅም። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይደወል፤ ጥሪው እየሄደ ሳለ መዳፍ በስልኩ አናት ላይ ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ያህል ይጠጋ። ስክሪኑ መጥፋት አለበት። መዳፉ ሲነሣ ወዲያው መብራት አለበት። ያገለገለ ስልክ ከሆነ ፈተናው ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገም፤ በፀሐይም በጥላም ይሞከር። ፕሮቴክተር የሚለጠፍ ከሆነ ከተለጠፈ በኋላ እንደገና ይፈተሽ፤ ያኔ ከጨለመ ጥፋቱ የፕሮቴክተሩ ነው።

በካሜራ ሲታይ ሐምራዊ ነጥብ ያላሳየ ስልክ ሁሉ የተበላሸ ነው ማለትም አይደለም። አንዳንድ አምራቾች የኢንፍራሬዱን ክፍል ትተው ቅርበትን በሌላ መንገድ ይለካሉ። ሺያኦሚ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ሚ ሚክስ ስልክ በኢንፍራሬድ ምትክ ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ተጠቅሞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ተመሳሳይ ዘዴ ርካሽ በሆኑ ስልኮችም ገብቷል። እነዚህ አንዳንድ ጊዜ ይሳሳታሉ፤ ስለዚህ ለእነሱም ዋናው ፈተና የመዳፉ ነው።

ነጋዴውም ድርሻ አለው። ሸማቹ ስለ ነጥቧ ሲጠይቀው «ምንም የለም» ብሎ መካድ ጥርጣሬ ያበዛል፤ በካሜራ ያየ ሰው አይታለልምና። ነጥቧን አሳይቶ፣ የቴሌቪዥን ሪሞቱንም በዚያው ካሜራ አሳይቶ፣ ሁለቱ አንድ መሆናቸውን ቢያስረዳ ደንበኛው አምኖ ይገዛል። በልጅ እጅ ሌዘር፣ በበያጅ ዓይን ላይ ተራ መነጽር ሲያይ ደግሞ ተው ማለት ይገባዋል። ዓይኑን የጠበቀለት ደንበኛ ነገም ተመልሶ ይመጣል።